ክኒኑና የማደሪያው በር

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ስቴት፥ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፥ ከቻርልስ ወንዝ ፊት ለፊት የቆመ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ አለ። በ1963 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቤት የሚጠራው ስታንሊ ማክኮርሚክ በተባሉ ሰው ስም ነው፤ የተሠራው ግን በባለቤታቸው በወይዘሮ ካትሪን ዴክስተር ማክኮርሚክ ገንዘብ ነው። ማደሪያው ከመከፈቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1960 ዓ.ም.፥ የአገሪቱ መንግሥት እርግዝናን የሚከላከል ክኒን በሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ፈቅዶ ነበር። ያን ክኒን ለማግኘት ለተደረገው ምርምር ከወጣው ገንዘብ አብዛኛው የወጣው ከእኒሁ ወይዘሮ ቦርሳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት ባለጸጋ ሴት ለአንድ ቤትና ለአንድ መድኃኒት ገንዘባቸውን ማውጣታቸው ተራ አጋጣሚ ሊመስል ይችላል። ሁለቱ ሥራዎች ግን ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ነበሩ፤ ጥያቄውም አንዲት ወጣት ሴት የጀመረችውን ትምህርት እንዴት ትፈጽማለች የሚል ነው። ስለ ክኒኑ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ወሬውን የሚጀምሩት ከወጣቶች ልቅነት ነው። የኮሌጁን ታሪክ በዝግታ የመረመረ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ስለ በር፥ ስለ ቍልፍና ስለ ዕድሜ የተደረገ ረዥም ክርክር ያገኛል።

ካትሪን ዴክስተር በ1875 ዓ.ም. ተወለዱ። በቴክኖሎጂው ኢንስቲትዩት ሥነ ሕይወት ተምረው በ1904 ዓ.ም. ዲግሪያቸውን ሲቀበሉ፥ በዚያ ትምህርት ቤት የነበሩት ሴቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ሴት ተማሪ ባርኔጣ ማድረግ አለባት የሚለውን ልማድ፥ የባርኔጣው ላባ በቤተ ሙከራ ውስጥ እሳት ሊይዝ ይችላል ብለው እንደ ተከራከሩት ይነገራል። በዚያው ዓመት የእህል ማጨጃ መኪና በመሥራት የበለጸገውን ቤተ ሰብ ልጅ ስታንሊ ማክኮርሚክን አገቡ። ባልየው ግን ብዙም ሳይቈይ በጽኑ የአእምሮ ሕመም ተያዙና እስከ ሞቱበት እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ አልዳኑም። ወይዘሮዋ ልጅ አልወለዱም። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ከተሟገቱት መካከል ሆነው ደከሙ፤ በኋላም ከአውሮፓ ሲመለሱ ከጎማ የተሠሩ የእርግዝና መከላከያዎችን በልብሶቻቸው ውስጥ ሰፍተው በጉምሩክ እያሳለፉ ለወይዘሮ ማርጋሬት ሳንገር ክሊኒክ ያደርሱ ነበር።

በልብስ ውስጥ መስፋት ያስፈለገበትን ምክንያት ለማወቅ የዘመኑን ሕግ ማየት ያሻል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1873 ዓ.ም. ያወጣውና ኮምስቶክ በተባለው ሰው ስም የሚጠራው ሕግ፥ ስለ እርግዝና መከላከያ የሚናገር ጽሑፍንም ሆነ ዕቃውን ራሱን በፖስታ መላክን እንደ ነውር ቈጥሮ ይከለክል ነበር። የኮኔቲከት ስቴት በ1879 ዓ.ም. ከዚህ አልፎ፥ ባልና ሚስት እንኳ በቤታቸው ውስጥ በመከላከያ እንዳይጠቀሙ ከለከለ። በማሳቹሴትስም መከላከያ ያከፋፈለ ሰው በእስራት ይቀጣ ነበር። ወይዘሮ ሳንገር በኒው ዮርክ የድሆች ሰፈር የሚሠሩ ነርስ ነበሩ፤ እናታቸው 18 ጊዜ አርግዘው 11 ልጆች ወልደዋል። በ1916 ዓ.ም. በብሩክሊን የከፈቱትን ክሊኒክ ፖሊስ ከ10 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ዘጋው፤ እርሳቸውም 30 ቀን ታሰሩ። ይሁን እንጂ ስለ እኒህ ሴት የሚጻፈው ሁሉ ምስጋና ብቻ ሊሆን አይገባውም። በዘመናቸው ተስፋፍቶ የነበረውን፥ «ደካማ» የተባሉ ሰዎች እንዳይዋለዱ መደረግ አለባቸው የሚለውን ክፉ ትምህርት ተቀብለው በአደባባይ ደግፈዋል። ይህም ከታሪካቸው ሊፋቅ አይችልም።

በ1953 ዓ.ም. ሁለቱ ሴቶች በማሳቹሴትስ ሽሩስበሪ ወደሚገኘው የዎርሴስተር የምርምር ድርጅት ሄደው ዶክተር ግሪጎሪ ፒንከስን አነጋገሩ። ሳንገር ከ70 ዓመት በላይ፥ ማክኮርሚክም ወደ 80 የተጠጉ ነበሩ። ፒንከስ ቀደም ብለው በሃርቫርድ ሲያስተምሩ የጥንቸል ዕንቁላል ከእናቲቱ ሆድ ውጪ በማራባት ምርምር ስማቸው ተነሥቶ፥ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ቋሚ ቦታ የነፈጋቸው ሊቅ ናቸው። ከቻይና ከመጡት ከዶክተር ሚን ቹዌ ቻንግ ጋር ሆነው ፕሮጀስትሮን የተባለው ሆርሞን የእንስሳትን ዕንቁላል ከዕጢው እንዳይወጣ እንደሚያግድ ያጠኑ ነበር። የሚያስፈልጋቸው ገንዘብ ነበረ፤ ገንዘቡንም ወይዘሮዋ ሰጧቸው። በጠቅላላው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ ለዚሁ ሥራ አውጥተዋል። ከመንግሥት ለዚህ ሥራ የወጣ ገንዘብ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

የክኒኑ ቅመም ግን በማሳቹሴትስ አልተገኘም። ራስል ማርከር የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ በሜክሲኮ ደን ውስጥ ከሚበቅል፥ ከቦዬ ወገን ከሆነ የዱር ሥር ሆርሞን በርካሽ ለመሥራት እንደሚቻል በ1940ዎቹ ዓመታት አሳዩ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በሜክሲኮ ከተማ በሲንቴክስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ካርል ጄራሲ፥ ጆርጅ ሮዘንክራንዝና ወጣቱ ሜክሲኳዊ ሉዊስ ሚራሞንቴስ በአፍ ሲወሰድ ኀይሉን የማያጣ ሆርሞን ሠሩ። ሰርል በተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ፍራንክ ኮልተን ተመሳሳዩን አገኙ። ያን ሥር ከደን ቈፍረው በጀርባቸው ያወጡት የሜክሲኮ ገበሬዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ አይሰማም።

መድኃኒቱ በሴቶች ላይ እንዲፈተን ጊዜው ሲደርስ ሥራውን የያዙት የቦስተኑ ሐኪም ዶክተር ጆን ሮክ ነበሩ። ሮክ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ሲሆኑ፥ ልጅ ያጡ ሴቶችን በማከም የታወቁ ናቸው። በማሳቹሴትስ ሕጉ ስለሚከለክል የመጀመሪያው ፈተና የመካንነት ሕክምና ጥናት ተብሎ ተካሄደ። ቀጥሎ የተደረገው ግን ለማንበብ የሚከብድ ነው። በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበሩ፥ ፈቃዳቸውን ለመስጠትም ለመንፈግም የማይችሉ ሰዎች መድኃኒቱ ተሰጣቸው። በ1955 ዓ.ም. በፖርቶ ሪኮ ደሴት የሕክምና ተማሪዎች የነበሩ ወጣት ሴቶች በጥናቱ እንዲገቡ ተደረገ። ፈተናው በየቀኑ ሙቀት መለካትን፥ ሽንት መስጠትንና ሌላም አስጨናቂ ምርመራን የሚጠይቅ ነበረ፤ እምቢ የምትል ተማሪ ቢኖር በውጤቷ ላይ እንዲታሰብባት ከአስተማሪዎቹ ወገን ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እንዲህም ሆኖ ብዙዎቹ ተማሪዎች አቋርጠው ወጡ። ክኒኑ ከተማሪ ቤት ጋር የተገናኘው መጀመሪያ በዚህ መንገድ ነው፤ ነጻነት የሚሰጥ ሆኖ ሳይሆን፥ ማርክ የያዘ አስተማሪ የሚያዝዘው ሆኖ ነው። መምህር የሆነ አንባቢ ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

በ1956 ዓ.ም. ፈተናው እዚያው ደሴት፥ ሪዮ ፒየድራስ በተባለ ስፍራ መንግሥት ለድሆች ባሠራው የመኖሪያ መንደር ውስጥ ሰፋ ብሎ ተጀመረ። በደሴቲቱ ወሊድን መቈጣጠር በሕግ የተፈቀደ ከመሆኑም በላይ ክሊኒኮቹ ቀድመው ተከፍተው ነበር። ሴቶቹ ክኒኑን የተቀበሉት በደስታ ነው፤ ልጅ መብዛቱ አስጨንቋቸው ነበርና። ነገር ግን እርግዝና የሚከላከል መድኃኒት ነው ከመባላቸው በቀር ገና በመፈተን ላይ ያለ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ሥራውን በቦታው የመሩት ዶክተር ኤድሪስ ራይስ ሬይ፥ ክኒኑ እርግዝናን ፈጽሞ መከላከሉን፥ ዳሩ ግን ከ100 ሴቶች 17ቱ ማቅለሽለሽ፥ ማዞር፥ ራስ ምታትና ማስመለስ እንደ ደረሰባቸው ገልጸው፥ ሁሉ ሊቀበለው የማይችል ጣጣ አለው ብለው ጻፉ። ፒንከስ ግን ጣጣው ከሴቶቹ ሐሳብ የመጣ ነው ብለው አልተቀበሉትም። የመጀመሪያው ክኒን በውስጡ የያዘው ሆርሞን 10 ሚሊግራም ነበረ፤ ይህም በኋላ ዘመን በቂ ሆኖ ከተገኘው መጠን ብዙ እጥፍ ነው። እንግዲህ የራይስ ሬይ ቃል ትክክል መሆኑን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ኤኖቪድ የተባለው ይህ ክኒን በ1957 ዓ.ም. ለወር አበባ መዛባት መድኃኒት ሆኖ እንዲሸጥ ተፈቀደ። በማሸጊያው ላይም ለሚወስዱት ሴቶች እርግዝናን የሚከለክል መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ቃል ተጽፎበት ነበር። ማስጠንቀቂያው ማስታወቂያ ሆነ፤ የወር አበባቸው የተዛባባቸው ሴቶች ቍጥር በአሜሪካ በድንገት በዛ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ ሴቶች ወሰዱት። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በ1960 ዓ.ም. ለእርግዝና መከላከያነት ሲፈቅደው ነገሩ ሕዝቡ ቀድሞ የወሰነው ነበር። በ1965 ዓ.ም. የሚወስዱት ሴቶች ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። እነዚህ ግን ከሞላ ጎደል ያገቡ ሴቶች ናቸው።

በዚያው ዘመን ያላገባች የኮሌጅ ተማሪ ኑሮ ምን ይመስል ነበር? በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ አንባቢ ደወሉንና ዘበኛውን ስለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶቹ ማደሪያ በሥራ ቀን ምሽት በአራት ሰዓት ተኵል ወይም በአምስት ሰዓት ይዘጋል፤ ቅዳሜ ማታ ጥቂት ይራዘማል። ተማሪዋ ስትወጣ ስሟን፥ የምትሄድበትን ስፍራና አብሯት የሚሄደውን ሰው በመዝገብ ትጽፋለች፤ ስትመለስም ትፈርማለች። በደቂቃዎች የዘገየች ደቂቃዋ ተቈጥሮ በሚቀጥለው ሳምንት እንዳትወጣ ትከለከላለች። የማደሪያው ኀላፊ ወይዘሮ በበሩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወንድ እንግዳ ከእንግዳ መቀበያው ክፍል አያልፍም፤ ክፍል ውስጥ እንዲገባ በተፈቀደበት ቀንም በሩ ገርበብ ብሎ መቈየት አለበት። በወንዶቹ ማደሪያ ግን እንዲህ ያለ የመግቢያ ሰዓት በብዙው ስፍራ አልነበረም። ሲጠየቁ የትምህርት ቤቶቹ ሹማምንት የሚሰጡት መልስ፥ ሴቶቹ በጊዜ ከገቡ ወንዶቹም የሚሄዱበት ስለሚያጡ ይገባሉ የሚል ነበር።

የዚህ ሁሉ ሥርዐት መሠረት ኮሌጁ በወላጅ ፈንታ የቆመ ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ልጁን ከሩቅ አገር የላከ አባት ልጁን አደራ የሰጠ ነውና ትምህርት ቤቱ አደራውን መጠበቅ ነበረበት። ነገር ግን አደራው የሚጠበቀው በአንድ ወገን ብቻ ነበረ። ተማሪዋ ያረገዘች እንደ ሆነ በጸጥታ ወደ ቤቷ ትላካለች፤ ትምህርቷም በዚያው ይቀራል። ያስረገዛት ልጅ በማግስቱ ክፍሉ ገብቶ ይማራል። ብዙዎቹም በችኰላ ይጋቡ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት የነበረችው አሜሪካ የጨዋነት ዘመን ተብላ ስትወደስ ይሰማል፤ ቍጥሩ የሚለው ግን ሌላ ነው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ ካሉት ልጃገረዶች መካከል የሚወልዱት ከፍተኛ ቍጥር ላይ የደረሱት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከ1,000ው 96 ገደማ ይወልዱ ነበር። ይህም ክኒኑ ለእርግዝና መከላከያነት ሊፈቀድ ሦስት ዓመት ሲቀረው ነው። በ1960 ዓ.ም. ከሚያገቡት የአሜሪካ ሴቶች እኵሌታው የሚያገቡት 20 ዓመት ከጥቂት ወራት ሳያልፋቸው ነበር፤ ይህም በኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ዕድሜ ነው።

ክኒኑ ወደዚህ ግቢ የገባው በዋናው በር አይደለም። የኮሌጆቹ ሐኪሞች በብዛት ያላገባች ተማሪን ይመልሱ ነበር፤ ቢበዛ የሠርጓ ቀን ለቀረበ ይሰጣሉ። ስለዚህ የእኅቷን ወይም የጓደኛዋን የጋብቻ ቀለበት ተውሳ በጣቷ አጥልቃ ከከተማ ሐኪም ዘንድ የምትቀርብ ተማሪ ነበረች። በ1965 ዓ.ም. በብራውን ዩኒቨርሲቲ የጤና አገልግሎት ኀላፊ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በላይ ለሆናቸው ሁለት ያላገቡ ተማሪዎች ክኒኑን ማዘዛቸውን የተማሪዎቹ ጋዜጣ ገለጸ። ወሬው በአገሩ ታላላቅ ጋዜጦች ሁሉ ታተመ። ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ጩኸቱ ግን የሺህ ተማሪ ነበር።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮኔቲከትን ሕግ ሻረ። ለዚህ ምክንያት የሆኑት በኒው ሄቨን ከተማ በ1961 ዓ.ም. ክሊኒክ ከፍተው የተያዙት ወይዘሮ ኤስቴል ግሪስዎልድና የዬል የሕክምና ፕሮፌሰር ሊ በክስተን ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ተቀጥተው ነበር። ዳኞቹ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ መንግሥት የባልና የሚስትን መኝታ ቤት ሊበረብር አይገባውም ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ግን ስለ ባልና ሚስት ነበር፤ ያላገባችው ተማሪ በዚያ ፍርድ ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

ቦታዋን ያገኘችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ያገኘችውም በአንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ በተፈጸመ ነገር ነበር። በሚያዝያ 1967 ዓ.ም. ዊልያም ቤርድ የተባሉ ተሟጋች በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች ስለ ወሊድ መቈጣጠር ንግግር አደረጉ፤ ሲፈጽሙም አረፋ የሚሆን የእርግዝና መከላከያ ለአንዲት ወጣት ሴት ሰጡ። ፖሊሶች አዳራሹ ውስጥ ይጠብቁ ነበርና ወዲያው ያዟቸው፤ ቤርድም ይህን ፈልገው ያደረጉት ነበር። ሦስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ነገሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 1972 ዓ.ም. 6 ለ1 በሆነ ድምፅ፥ ላገባ የተፈቀደውን ላላገባ መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተፈረደ። ላላገቡ ሴቶች የክኒኑን በር በሕግ የከፈተው ሙግት የክኒን ሙግት አለመሆኑ የሚያስገርም ነው።

ሌላው ቍልፍ ዕድሜ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ሰው ለአካለ መጠን የሚደርሰው በ21 ዓመቱ ስለ ነበር፥ የ19 ዓመት ተማሪ ያለ ወላጅ ፈቃድ ከሐኪም ዘንድ መድኃኒት ለመቀበል አትችልም ነበር። ይህን የለወጠው ስለ ሴቶች የተደረገ ክርክር ሳይሆን የቬትናም ጦርነት ነው። ለጦርነት በ18 ዓመቱ የሚላክ ወጣት እንዴት አይመርጥም ተብሎ በ1971 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ስቴቶቹም ተከትለው ለሌላውም ጉዳይ የአካለ መጠንን ዕድሜ ወደ 18 ዝቅ አደረጉ። ስለ ወታደር የወጣው ሕግ ለሴት ተማሪዋም ተረፈ።

የማደሪያዎቹ ደንብ ደግሞ በራሱ መንገድ ይፈርስ ነበር። በ1961 ዓ.ም. የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፥ በአላባማ ስለ ዘር እኵልነት በመሰለፋቸው ያለ ፍርድ የተባረሩ ጥቍር ተማሪዎችን ጉዳይ አይቶ፥ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ሳይሰማ ሊያባርር አይችልም አለ። ከዚያ ወዲህ ኮሌጁ እንደ አባት ያሻውን ያደርጋል የሚለው ሐሳብ እየላላ ሄደ። በ1968 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በባርናርድ ኮሌጅ የ20 ዓመት ተማሪ ከግቢ ውጪ ከወንድ ጓደኛዋ ጋር እንደምትኖር በጋዜጣ ታወቀ፤ ለኮሌጁ ግን በሰው ቤት ተቀጥራ እንደምታድር ተናግራ ነበር። ጉዳዩን ያየው የተማሪዎችና የመምህራን ኮሚቴ የሰጠው ቅጣት ከኮሌጁ የምግብ ቤት እንዳትጠቀም የሚል ነበር። ሕዝቡ ግማሹ ተቈጣ፥ ግማሹ ሣቀ። ከመንገዱ ማዶ በኮሎምቢያ ኮሌጅ የሚማረውን ወንድ የጠየቀው የለም። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የመውጫና የመግቢያው መዝገብ ከአብዛኞቹ ኮሌጆች ጠፋ። ዬልና ፕሪንስተን በ1969 ዓ.ም. ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት ተቀበሉ፤ በዬልም አንድ ሐኪም ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ለተማሪዎች ስለ ጾታ ምክር የሚሰጡበት አገልግሎት ወዲያው ተከፈተ።

ይህን ሁሉ ክኒኑ አመጣው ማለት ስሕተት ይሆናል። የወሊድ ቍጥር ከ1957 ዓ.ም. በኋላ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ የማደሪያውንም ደንብ ያፈረሱት የተማሪው መብዛት፥ የዘር እኵልነት ትግልና ጦርነቱ ጭምር ናቸው። ሆኖም ክኒኑ ብቻውን የለወጠው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም የጊዜ ስሌት ነው። የሕግና የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሴትን በጥቂቱ የሚቀበሉት፥ ትዳር ይዛ ትወጣለች፥ ቦታውም ባክኖ ይቀራል በማለት ነበር። ሴቲቱም ራሷ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ከመጀመሯ በፊት፥ በመካከል ብታረግዝ የደከመችበት ሁሉ እንደሚቀር ታውቅ ነበር። ክላውዲያ ጎልዲንና ሎረንስ ካትዝ የተባሉት የሃርቫርድ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2002 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ወጣት ያላገቡ ሴቶች ክኒኑን ቀደም ብለው በሕግ ያገኙባቸውን ስቴቶች ከሌሎቹ ጋር አነጻጽረው፥ ሴቶቹ ጋብቻን ወደ ኋላ እያደረጉ ወደ ረዥሙ ትምህርት መግባታቸውን አሳይተዋል። በ1950 ዓ.ም. ከተወለዱት ኮሌጅ ከፈጸሙ ሴቶች ግማሽ ያህሉ 23 ዓመት ሳይሞላቸው አገቡ፤ በ1957 ዓ.ም. ከተወለዱት ግን እንዲህ ያደረጉት ከ100ው 30 አይሞሉም። በሕግ ትምህርት ቤቶች አንደኛ ዓመት ከነበሩት ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ በ1970 ዓ.ም. ከ100ው 10 ነበሩ፤ በ1980 ዓ.ም. 36 ሆኑ። በእርግጥ በ1972 ዓ.ም. የወጣው፥ በትምህርት ቤት በጾታ መለየትን የሚከለክለው ሕግም ድርሻ ነበረው። ሕጉ በሩን ከፈተ፤ የገባችው ተማሪ እስከ መጨረሻው እንድትቈይ ያስቻለው ግን አንዱ ክኒኑ ነው።

ወላጆች የፈሩት ልቅነት ሐሰት ነበር ማለትም አይገባም። በወጣቶች መካከል የነበረው ኀፍረት በእርግጥ ላላ፤ በዚያውም ላይ ወንዱ ከኀላፊነቱ ድርሻ ራሱን ያወጣበት ሰበብ አገኘ። ቀድሞ «ባረግዝስ?» ብላ እምቢ ለማለት ትችል የነበረች ልጅ፥ አሁን እምቢታዋን በራሷ ፈቃድ ብቻ ማቆም ነበረባት። መድኃኒቱን የምትውጠውም፥ ጣጣውንም የምትቀበለው እርሷው ናት።

ጣጣውም ከማቅለሽለሽ የከፋ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ክኒኑን በወሰደች ሴት ሳንባ ውስጥ ደም መርጋቱ በሕክምና መጽሔት ተገለጸ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት የደም መርጋቱ ከክኒኑ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተረጋገጠ። ጋዜጠኛዋ ባርባራ ሲመን በ1969 ዓ.ም. ሐኪሞች ይህን ለሴቶች አለመንገራቸውን የሚከስ መጽሐፍ አሳተሙ። በጥር 1970 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ጌይሎርድ ኔልሰን ስለ ክኒኑ ምስክር ሲያሰሙ፥ ክኒኑን ከወሰዱት ሴቶች አንዲት እንኳ እንድትመሰክር አልተጠራችም። ከዋሽንግተን የመጡ ወጣት ሴቶች ከተመልካቹ መካከል ተነሥተው ለምን እንዳልተነገራቸው ጮኸው ጠየቁ፤ ከአዳራሹም ተወሰዱ። በዚያው ዓመት የመድኃኒቱን አደጋ የሚገልጽ ወረቀት በየማሸጊያው ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ። ሴቶቹ እንዲያውቁት የተገባው ይህ ቃል ከሪዮ ፒየድራስ ጽሑፍ 14 ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። ብዙ ሆርሞን የነበረባቸው የድሮዎቹ ክኒኖችም በ1988 ዓ.ም. ከገበያ ወጡ።

ዶክተር ሮክ ቤተ ክርስቲያናቸው ክኒኑን ትቀበለዋለች ብለው ተስፋ አድርገው በ1963 ዓ.ም. መጽሐፍ ጽፈው ነበር። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሱ ጳውሎስ 6ኛ በጻፉት መልእክት ከለከሉት። ሐኪሙ በ1984 ዓ.ም. ሞቱ።

ወይዘሮ ማክኮርሚክ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ተመልሰው ነበር። ትምህርት ቤቱ ብዙ ሴቶችን ላለመቀበል የሚሰጠው ምክንያት ማደሪያ የለም የሚል መሆኑን ያውቃሉ። ማደሪያው እስኪሠራ ድረስ ከወንዙ ማዶ በቦስተን የሚኖሩት ተማሪዎች በክረምቱ ብርድ እንዳይቸገሩ የታክሲ ገንዘብ ይከፍሉላቸው ነበር። ሁለተኛው ሕንጻ በ1968 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ለማየት ግን አልደረሱም፤ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ያላገባች ሴት በማሳቹሴትስ መከላከያ ለመቀበል የሚያስችላት ፍርድ በዚያን ጊዜ ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር።

በሐምሌ 2023 ዓ.ም. ያው መሥሪያ ቤት ኦፒል የተባለ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ፈቀደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በመድኃኒት መደብሮች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ገዢዋን ዕድሜዋ ስንት እንደ ሆነ፥ ያገባች መሆኗንም የሚጠይቃት የለም። በወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ግን ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ የተለመደው ወረቀት ተጣጥፎ አለ።